ከጁገል በሮች እስከ ተራራው ራስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በወላጆች ቀን፥ በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

በዚህ ታላቅ በዓል ላይ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ በጂኦግራፊ ክበባችን ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በዚህ ቀን ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ትምህርት ጥቅም ነው። እኔም የምናገረው ስለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ይህ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ሳይሆን በእግር የሚማሩት ነው። ይኸውም ከከተማችን ከሐረር ተነሥቶ ወደ ሐኪም ተራራና ወደ ቁንዱዶ ተራራ የሚደረግ የሁለት ቀን ጉዞ ነው። በመጨረሻም ከወላጆቻችን የምለምነው አንድ ነገር አለኝ፤ እርሱን ግን ከአሁኑ ብነግራችሁ ጆሮአችሁን እንዳትነፍጉኝ ስለምፈራ ለኋላ አቆየዋለሁ።

አበው፥ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። ከእኛ መካከል አንዱ ተማሪ፥ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ኤቨረስት ነው ብሎ ለመመለስ አይዘገይም። ከፍታው 8,849 ሜትር መሆኑንና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ከጫፉ መድረሳቸውን ያውቃል። ያንኑ ተማሪ፥ ከከተማችን በስተ ደቡብ ዘወትር የምናየው የሐኪም ተራራ በማን ስም ተጠራ ብለን ብንጠይቀው ግን ዝም ይላል። የሩቁን ማወቅ መልካም ነው፤ የቅርቡን ሳያውቁ የሩቁን ማወቅ ግን ጣራ ሠርቶ መሠረት እንደ መርሳት ነው።

ስለ ሂማላያ ካነሣሁ አይቀር ጥቂት ልጨምር። ሂማላያ ማለት በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የበረዶ ማደሪያ ማለት ነው። ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ኤቨረስትን ለመውጣት የሚሄድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው መንገደኛ የሚሄደው በዝቅተኛው ኮረብታ ላይ ባሉት መንደሮች መካከል ነው። ለምሳሌ በኔፓል አገር ጎሬፓኒ ከምትባል መንደር በላይ ፑን ሂል የሚባል ኮረብታ አለ፤ ከፍታው 3,210 ሜትር ነው። መንገደኛው የጉሩንግና የማጋር ሕዝቦች በሚኖሩባቸው መንደሮች በኩል የድንጋይ ደረጃ እየወጣ ጥቂት ቀን ይጓዛል፤ ሌሊት በሻይ ቤት ያድራል፤ ከዚያም በማለዳ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ከ8,000 ሜትር በላይ የሆኑትን የዳውላጊሪንና የአናፑርናን ተራሮች ፀሐይ ስትወጣባቸው ያያል። ከዓለም ዙሪያ ሰው ወደዚያ የሚጎርፈው ለበረዶው ብቻ አይደለም። ተራራውንና ሰዉን ባንድ ላይ ስለሚያገኝ ነው። የበሰለው እህል፥ ጸሎቱ፥ ሰላምታው፥ የቤቱ አሠራር ሁሉ ከተራራው ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዞ ለእኛ ከደጃችን ይጀምራል። የአውሮፕላን ዋጋ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጫማ፥ ውሃ፥ ቆሎና የሚመራ መምህር ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ክበባችን ይህንን ጉዞ አድርጓል፤ ያየነውንም በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ የተጀመረው በጁገል ውስጥ በፈረስ መጋላ አደባባይ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው የፈረስ ገበያ የነበረ ቦታ ነው። እንደምታውቁት የጁገል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ከተማይቱን ከጠላት ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የጥንቶቹ በሮችም 5 ናቸው። በሐረሪ ቋንቋ አሱም በሪ፥ አርጎብ በሪ፥ ሱቁጣጥ በሪ፥ በድሮ በሪና አስመዲን በሪ ሲባሉ፥ በአማርኛ ደግሞ ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በርና ሸዋ በር እንላቸዋለን። በአሚሮቹ ዘመን እነዚህ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው መሽቶበት እንደ ሆነ እስኪነጋ ከደጅ ያድር ነበር። ይህች ጁገል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች፤ በውስጧም 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መቃብር እንደሚገኙ በዚሁ መዝገብ ተጽፏል።

በጠባቦቹ መንገዶች አልፈን በቡዳ በር ወጣን። ከበሩ እንደ ወጣን የገጠመን ነገር ከመጽሐፍ የማይገኝ ነበር። እኛ ወደ ተራራው ስንወጣ ተራራው ወደ ከተማው ይወርድ ነበር። የኦሮሞ እናቶችና እኅቶች እንጨት፥ ሣር፥ ወተት፥ ድንች፥ ጫት ተሸክመው፥ አንዳንዶቹም አህያ እየነዱ ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ከእኛ መካከል ባዶ እጁን ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሽ ያጠረው አንድ ጎበዝ ነበረ፤ በአጠገቡ አንዲት እናት የራስዋን ቁመት የሚያህል እንጨት በጀርባዋ አዝላ፥ «ነጋ» ብላ ሰላምታ ሰጥታው ስታልፍ አፍሮ ፈጥኖ መራመድ ጀመረ። ነጋ ማለት በኦሮምኛ ሰላም ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቃል ቀኑን ሙሉ በየመንገዱ ደጅ ከፈተልን።

ከዚያም የእርሻ ቦታዎችን እያቋረጥን ወጣን። የሐረርጌ ገበሬ በቁልቁለት ላይ የሚያርስ ስለ ሆነ አፈሩ በዝናብ እንዳይወሰድበት እርከን ይሠራል። እርከን ማለት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ እንደ ደረጃ የሚሠራ ግድብ ነው። ወሩ ኅዳር ስለ ነበረ ማሽላው ደርሶ ነበር፤ የቡናውም ፍሬ ቀልቷል። በዓለም ገበያ የሐረር ቡና እየተባለ የሚጠራው ቡና ሳይታጠብ ከነልጣጩ በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ልዩ ጣዕሙም ከዚህ አደራረቅ ጋር የተያያዘ ነው። በአካባቢያችንም የቡናውን ቅጠል አድርቆ በማፍላት ቁቲ የሚባለውን መጠጥ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን በብዙ ቦታ ቡናው ተነቅሎ በምትኩ ጫት መተከሉን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። አንድ ገበሬ ስለዚህ ጉዳይ ስንጠይቀው፥ «ልጆቼ፥ ቡና የሚከፍለኝ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆች ግን በየቀኑ ይበላሉ» ብሎ መለሰልን። በክፍል ውስጥ ስለ እርሻ ኢኮኖሚ ከተማርነው ሁሉ እኔ ያልረሳሁት ይህን መልስ ነው።

የሐኪም ተራራ ስሙን ያገኘው አው ሐኪም ተብለው ከሚታወሱት ወሊ ነው። አው በሐረሪ ቋንቋ አባት ማለት ነው፤ ለወሊዮችም የክብር መጠሪያ ይሆናል። ከመቃብሩ ስፍራ ስንደርስ ጠባቂውን ሽማግሌ ፈቃድ ጠይቀን፥ ጫማችንን አውልቀን፥ ሴቶቹም ራሳችንን ሸፍነን ቆምን። ከእኛ መካከል እስላምም ክርስቲያንም ነበረ፤ ሁላችንም ባንድነት ዝም አልን።

ሽማግሌውም ብዙ የሐረር ሰው የሚያውቀውን ተረክ አወሩልን። በጥንት ዘመን ጽኑ ረኀብ በመጣ ጊዜ ጅቦች የሚበሉት አጥተው በሰው ላይ ተነሡ። ያን ጊዜ ወሊዮቹ በዚህ ተራራ ላይ ተሰብስበው ከተመካከሩ በኋላ፥ ለጅቦቹ ገንፎ እንዲሰጣቸው፥ እነርሱም ሰውን እንዳይነኩ ቃል ተገባ ይባላል። ስለዚህ በየዓመቱ በአሹራ ዕለት በቅቤ የራሰ ገንፎ ለጅቦች ይቀርባል፤ አበላላቸውንም አይተው ስለሚመጣው ዓመት ጥጋብና ረኀብ የሚተነብዩ አሉ። በጁገል ግንብ ላይም ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ተረኩን እንደ ተረክ ብንወስደው እንኳ የያዘው ቁም ነገር ትልቅ ነው። ሌላው አገር አውሬውን በመግደል ራሱን ሲጠብቅ፥ የሐረር ሰው ግን ከአውሬው ጋር ውል ተዋዋለ። ውሉም የተፈጸመው በከተማው ውስጥ ሳይሆን በተራራው ላይ ነው መባሉን ልብ በሉ።

ከተራራው ራስ ላይ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት ከተማይቱ በመዳፍ ላይ እንዳለች ሳህን ሆና ታየችን። በውስጧ ስንሄድ ጫፍ የሌላት የምትመስለው ጁገል ከላይ ሲያዩዋት ትንሽ ናት። ግንቧ እንደ መቀነት ይታያል፤ የመስጊዶቹ ሚናሮች፥ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፥ ከግንቡም ውጭ በሸዋ በር በኩል የተስፋፋው አዲሱ ከተማ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይታያሉ። አንዱ ጓደኛችን የቤቱን ጣራ ሲፈልግ ብዙ ቆየ፤ ባገኘውም ጊዜ፥ «ለካ ጎረቤቶች ነን!» ብሎ ወደ ሌላው ጓደኛው ዞረ። ሁለቱ ለ3 ዓመት ባንድ ክፍል ተምረው ቤታቸው በአንድ ግንብ ብቻ የተለያየ መሆኑን አያውቁም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወርደን በጁገል ውስጥ በአንዲት የክበባችን አባል ቤት ሻይ ተጋበዝን። የሐረሪ ቤት ውስጡ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ፥ በቀይ አፈር የተቀቡ መቀመጫዎች አሉት፤ እንግዳውም ሽማግሌውም ወጣቱም እያንዳንዱ እንደ ክብሩ የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው። በግድግዳው ላይ ሴቶች በእጃቸው የሰፉአቸው የስንደዶ ሥራዎች ተሰቅለዋል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አፈሩ ከመሬት፥ ሣሩ ከመስክ፥ ጣራውን የተሸከመው እንጨት ከተራራ ነው። ቤቱ ራሱ የአገሩ ልጅ ነው።

የሁለተኛው ቀን ጉዞ ወደ ቁንዱዶ ነበር። ቁንዱዶ ከሐረር በስተ ምሥራቅ በጉርሱም ወረዳ የሚገኝ፥ ራሱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አምባ ነው፤ ከፍታውም ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ቀደም ብዬ ከጠቀስሁት ከኔፓሉ ፑን ሂል የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1855 ዓ.ም. በጥር ወር ወደ ሐረር የገባው ከዘይላ ተነሥቶ ይህን ተራራ ምልክት አድርጎ ነው፤ በከተማይቱም 10 ቀን ተቀምጦ ወጣ። በዚሁ አቅራቢያ ባለችው በኤጀርሳ ጎሮ ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. ተወለዱ።

በማለዳ በመኪና ወደ ፉኛን ቢራ ከተማ ሄድን። መንገዱ ዳር ኦቾሎኒ የሚሸጡ ልጆች ይሰለፋሉ፤ ጉርሱምና ባቢሌ በኦቾሎኒ የታወቁ ናቸው። ከዚያ በእግር ስንወጣ የመንደር ልጆች ተከተሉን፤ ትንሽ ቆይተው ግን ቀደሙን፤ በመጨረሻም መሪዎቻችን ሆኑ። በመንገድ ላይ ኦሮምኛ የሚያውቀው ለማያውቀው ያስተረጉም ነበር። ሐረሪው፥ ኦሮሞው፥ አማራው፥ ሶማሌው፥ ጉራጌው ተማሪ በክፍል ውስጥ በወንበር ቁጥር ተለይቶ ይቀመጣል፤ በዳገት ላይ ግን ማን የማን ዘመድ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አንዱ የሌላውን ውሃ ይጠጣል።

በአምባው ላይ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ አለ። በዚህም ሜዳ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች ሲኖሩ ቆይተዋል። ከየት እንደ መጡ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ከጥንት ጦርነት የተረፉ ናቸው የሚሉ አሉ። ቁጥራቸው ግን ከዘመን ወደ ዘመን እየመነመነ በጣት ወደሚቆጠር ደርሷል። እኛ በወጣንበት ቀን ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ስለ ነበረ አንድም ፈረስ አላየንም። የፈረስ ይሁን የአህያ ብዙ የተከራከርንበት ኮቴ ብቻ አገኘን። አንድ እረኛ፥ «ሌላ ቀን ኑ» አለን። እኔ ግን ሌላው ቀን እስኪደርስ ፈረሶቹ ይቆዩ እንደ ሆነ እያሰብሁ ወረድሁ።

ሳይንስ ለሚወድዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ነገር ልጨምር። ሂማላያ የተነሣው የህንድ ምድር ወደ ሰሜን ተጉዞ ከእስያ ምድር ጋር በመላተሙ ሲሆን፥ ይህም የተጀመረው ከዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የእኛ የሐረርጌ ደጋ ግን ከፍ ያለው በግጭት ሳይሆን ምድር ወደ ላይ ተነፍታ በስምጥ ሸለቆው በኩል በመሰንጠቋ ነው። ከሐረር ተነሥተን በደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ የምንወርደው በዚሁ ስንጥቅ ዳር ነው። አፈጣጠራቸው እንዲህ ቢለያይም የሚያገናኛቸው ነገር አለ። በኤቨረስት ጫፍ ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ በባሕር ውስጥ የነበሩ ፍጥረታት ቅሪት ይገኝበታል፤ በሐረርጌ ደጋም ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት በባሕር ሥር የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ አለ። ስለዚህ የሁለቱም አገር ልጆች የሚረግጡት የጥንት ባሕር ወለል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። ጉዞው ለደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ነገሩ የውሃ ነገር ነው።

በተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁለት ዕድል አለው። ዛፍ፥ ሣርና እርከን ካገኘ ቀስ ብሎ ወደ ምድር ይሰርጋል፤ ከወራትም በኋላ በታች በኩል ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራው ከተራቆተ ግን ባንድ ሰዓት ውስጥ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። የዚህን ፍሬ ሐረር ቀምሳለች። ቀድሞ ዓለማያ ይባል የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከከተማችን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ለብዙ ዘመን ሐረር የምትጠጣው ከእርሱ ነበር። ከዙሪያው ኮረብቶች የታጠበው አፈር ደለል ሆኖ ሞላው፤ ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ በየዳሩ የተተከለው ሞተር መጠጠው፤ የከተሞቹም ፍላጎት በዛ። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት በነበረው ቦታ ከብት ተሰማራ። ከተማችንም ውሃዋን ከድሬዳዋ ቆላ በቧንቧ ሽቅብ ለማስመጣት ተገደደች። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፥ ሐረር ደግሞ በ1,885 ሜትር ከፍታ ላይ መሆናቸውን አስቡ። ውሃ በተፈጥሮው ቁልቁል ይወርዳል፤ እኛ ግን ሽቅብ እንገፋዋለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በሐረማያ ዙሪያ እርከን ተሠርቶ፥ ችግኝ ተተክሎ፥ ዝናቡም ደግ በሆነባቸው ዓመታት ውሃው ወደ ሐይቁ ሲመለስ ታይቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የጠፋ ነገር ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም፤ የሚመለሰው ግን ለሚጠብቀው ሰው ነው። የኔፓል ሰዎችም ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀውታል። መንገደኛው በዝቶ ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍ ኮረብታቸውን ባራቆተ ጊዜ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. የአናፑርናን አካባቢ የሚጠብቅ ድርጅት ተቋቋመ። ከመንገደኛው የሚሰበሰበው ክፍያ ለደን ጥበቃ፥ ለመንገድና ለመንደሮቹ ትምህርት ቤቶች እንዲውል ተደረገ። ተራራው ሰዉን አበላ፤ ሰዉም ተራራውን ጠበቀ።

ታዲያ ተራራውን ማን ይጠብቀዋል? የማያውቀው ሰው አይጠብቀውም። ለማያውቀው ሰው የተቆረጠው ዛፍ እንጨት ብቻ ነው፤ በጥላው ሥር ላረፈበት ሰው ግን ዘመዱ ነው። እኛ ነገ መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ ዳኛ፥ ነጋዴ፥ የመንግሥት ሠራተኛ እንሆናለን። ስለ ሐረር ውሃ፥ ስለ ሐረር መሬት የምንወስነው እኛ ነን። የምንወስነውም በካርታ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቀለም አይተን ከሆነ ወዮ ለከተማይቱ!

ወደፊት ለሚሄዱትም ታናናሾቻችን ጥቂት ምክር ልተው። ጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡም ጭቃውም አያስቸግርም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፥ ባርኔጣ፥ ለቅዝቃዜ የሚሆን ሹራብ፥ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ ይበቃል። በእርከን ጠርዝ ላይ አትርገጡ፤ አንዲት ድንጋይ ብትወድቅ የአንድ ገበሬ ቀን ሥራ ትወድቃለች። ሰላምታ ሳትሰጡ በሰው ደጅ አትለፉ። ሳትጠይቁ ፎቶግራፍ አታንሡ። የያዛችሁትን ወረቀትና ላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማ ግቡ፤ ከጅቦቹ ጋር ውል ቢኖረንም የውሉን ወረቀት ያየ የለም።

ውድ ወላጆች፥ ያቆየሁት ልመና ይኸው።

ባለፈው ዓመት ጉዞ ለማድረግ ብዙ ሴት ተማሪዎች ስማቸውን አስመዝግበው ነበር፤ በጧቱ የተገኘነው ግን ጥቂት ነን። የቀሩት ሰነፎች ስለ ሆኑ አልቀሩም። ወላጆቻቸው ስለ ፈሩ ቀሩ። አንዲቱ ጓደኛዬ ቆሎዋን ሌሊት ቆልታ፥ ጫማዋን አዘጋጅታ ካደረች በኋላ በጧት፥ «ሴት ልጅ በተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» ተብላ ቀረች። ቆሎዋን ግን ላከችልን፤ ከሐኪም ራስ ላይ ተቀምጠን በላነው። በዚያ ሰዓት የበላነው ቆሎ እንደ ማንኛውም ቆሎ በቀላሉ አልተዋጠልንም።

ፍርሃታችሁን አንንቀውም። የፍቅር ፍርሃት ነውና። ነገር ግን «ሴት ልጅ በተራራ ላይ ምን ትሠራለች?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየማለዳው በበሮቻችን ይገባል። ምድጃችን የሚነድበትን እንጨት፥ ለቁርስ የምንጠጣውን ወተት ከተራራ አውርዳ የምታመጣው ሴት አይደለችምን? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. ከሴቶች የመጀመሪያ ሆና በኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመችው ጃፓናዊቱ ጁንኮ ታቤይ ሴት፥ ያውም የልጅ እናት አይደለችምን? እኛ የምንለምነው ኤቨረስትን አይደለም። የምንለምነው ከቤታችን ጣራ የሚታየውን ተራራ ነው።

ስለዚህ በክበባችን ስም 3 ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፥ ይህ የሁለት ቀን ጉዞ በየዓመቱ በኅዳር ወር እንዲደረግ ትምህርት ቤታችን በመርሐ ግብሩ እንዲያስገባው። ሁለተኛ፥ ሴት ተማሪዎች እንዲሄዱ ወላጆች እንዲፈቅዱ፤ የሚያሳስባቸውም ካሉ ራሳቸው እንዲመጡና አብረውን እንዲጓዙ። እናቶቻችን ቢመጡ በዳገቱ ላይ የምንቀር እኛ እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ እናውቃለን። ሦስተኛ፥ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በክረምት መጀመሪያ አንዳንድ ችግኝ ይዞ ወደ ሐኪም ተራራ እንዲመለስ፥ ተክሎም እንዳይተወው፤ በሚቀጥለው ኅዳር የተከለውን እንዲጎበኝ። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

አሚር ኑር ይህችን ከተማ በግንብ አጠሩ፤ ግንቡም ከጠላት ጠበቃት። የዛሬው ጠላታችን ግን ጥማትና አለማወቅ ነው፤ ግንብም አያግደውም። የዛሬው አጥራችን በግንቡ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ናቸው፤ የእነርሱም ጠባቂዎች እንድንሆን የእናንተ ፈቃድና ምርቃት ያስፈልገናል።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን፥ ለመምህራኖቻችን ጤናን፥ ለወላጆቻችን የልጅ ደስታን፥ ለሐረርም የማይነጥፍ ምንጭን እመኛለሁ።